ሁለት ጊዜ የተፈታ ሞተር

ናይሮቢ ኢንዱስትሪ ሰፈር ካለው ሳሙና ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ጥገና የተቀጠርኩት ሐምሌ ላይ ነበር። አፍሪካ ሁሉ ይሞቃል የሚል ሰው የናይሮቢን ሐምሌ አላየም። ሰማዩ አመድ መስሎ ይውላል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከሳውዝ ሲ ሰፈር በማታቱ፣ በከተማው ሚኒባስ፣ ስመጣ ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘግቼ ነበር።

ኬንያዊው አለቃዬ በመጀመሪያው ቀን ቀጥታ እንፋሎት የሚያመነጨው ቦይለር ጋ ወሰደኝ። ጭሱን ከእሳቱ ስቦ ወደ ጭስ ማውጫው የሚገፋ ትልቅ ፋን አለ። የሞተሩን አምፔር የሚያሳየው መርፌ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲብስበት ሞተሩ ራሱን ያጠፋል፤ ያኔ ፋብሪካው በሙሉ ቀጥ ይላል።

"ያበላሸው የአገርህ ምዜ ነው" አለኝ። ምዜ ማለቱ ሽማግሌ ነው። "ሞተሩ ተቃጥሎ ሰጠነው፤ ጠቅልሎ ከመለሰው ወዲህ ይኸው መርፌው ይጨፍራል። ወስዶ እንደገና ፈታው፣ ያው ነው።"

ሽማግሌውን አውቃቸዋለሁ፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። እዚያው ሰፈር ባለች ጠባብ ሱቅ የተቃጠለ ሞተር በመዳብ ሽቦ እየጠቀለሉ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። በዚህ ሙያ የሚኖረው በስም ነው፤ አንዱ ፋብሪካ "ያበላሻል" ካለ ሌላውም አይልክም።

"አልተከራከሩም?" አልኩት።

"ምን ብሎ ይከራከራል? አንገቱን ደፍቶ 'እሺ' አለና ጭኖት ሄደ። ያላጠፋ ሰው ዝም ይላል?"

ደሜ ፈላ። እኛ ዘንድ እንደሳቸው ያለ ትልቅ ሰው ደንበኛ ፊት ቆሞ "እኔ አይደለሁም" እያለ አይጨቃጨቅም፤ ይሉኝታ አለው። ያንን ለአለቃዬ ላስረዳው ብሞክር ፈገግ ብሎ ጥሎኝ ሄደ።

ከሥራ ስወጣ ሱቃቸው ጎራ አልኩ።

"ጋሼ፣ ለምን አይናገሩም?"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ።"

"ጋሼ፣ ናይሮቢ በሐምሌ ንጋት ሲጠራ አይተዋል?"

ሳቁ። ሱቁ ውስጥ ግን የሚጠቀለል አንድም ሞተር አልነበረም።

በማግስቱ ሽቦ አቅፎ አምፔር የሚለካውን ክላምፕ ሜትሬን ይዤ ወደ ፋኑ ሄድኩ። ወደ ሞተሩ የሚገቡት መስመሮች ሦስት ናቸው። ጥቅለላው ቢበላሽ አንደኛው ከሌሎቹ ይለይ ነበር። ሦስቱም ግን አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ቮልቴጁ ደግሞ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ የሚለዋወጠው ሸክሙ ነው፤ ሞተሩ የተጫነበትን ይሸከማል እንጂ ምንም አላጠፋም። ቺንጋውን አየሁ፣ ኩሽኔታውን አየሁ፤ ደህና ናቸው። የቀረው የጭሱ መንገድ ነበር። እሱን ለመክፈት ቦይለሩ መጥፋት አለበት፤ አለቃዬም "ለጽዳት ሲቆም ታየዋለህ" አለኝ። ያ ቀን እስኪመጣ ሳምንታት አለፉ፤ ማስረጃ በእጄ ሳይገባ ለጋሼ መንገር አልፈለግኩም፣ እሁድም ቤተ ክርስቲያን አላየኋቸውም።

ጭሱ የሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ መንገዱን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰፊ ብረት አለ፤ ዳምፐር ይሉታል። ከውጭ እጀታው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አላፊ አግዳሚው አይቶ ደህና ነው ይላል። ውስጥ ገብቼ በእጄ ብገፋው መቀርቀሪያው እንደ ወለቀ በር ተወዛወዘ። ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ፒን ተበልቶ አልቋል። ጭሱ ሲገፋው መንገዱን ይዘጋል፣ ሲለቀው ይከፍታል፤ መርፌው የሚጨፍረው ለዚህ ነበር።

አዲስ ፒን አስገባንና ፋኑን አስነሳን። መርፌው ረጋ። አለቃዬ ቆሞ ሲያየው ቆየና "ፖሌ" አለ። ፖሌ ይቅርታም ነው፣ አይዞህም ነው። ለማን እንዳለው ግን እንጃ፤ የሚያየው መርፌውን ነበር።

እኔ ወደ ሱቃቸው ከነፍኩ። በሩ ላይ አንዲት ልጅ የሞባይል ካርድ ትሸጣለች። የጥቅለላው ማሽን የለም። ማታቱ ይዤ ካሳራኒ ድረስ ቤታቸው ሄድኩ።

ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ገና ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። "ጋሼ፣ ዳምፐሩ ነው! ሞተሩ መጀመሪያውኑም ደህና ነበር!"

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ጣቶቻቸውን ያዩ ጀመር።

"ሁለተኛ ስፈታው ግን ጥፋቴን አግኝቼው ነበር እኮ" አሉ።

"የምን ጥፋት?"

"ሽቦው አንድ ቦታ ላልቶ አየሁ፣ በዓይኔ። እጄ ከድቶኛል፣ ከእንግዲህ በሰው ንብረት አልቀልድም ብዬ ነው ሱቁን የዘጋሁት።"

"ጥፋቱ እሱ ቢሆን ሲያጠብቁት መርፌው ይረጋ ነበር፣ ጋሼ። አልረጋም።"

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"ታዲያ ያን ቀን፣ 'አበላሸህ' ብለውኝ ስፈታው፣ ያየሁት ምንድነው?"

ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው "ምን ተገኘ?" አሉ።

"ምንም" አሏቸው ጋሼ።