ወንድሜ የተረጎማቸው አስፈሪ ፊልሞች

ካለፈው ወር ጀምሮ አስፈሪ ፊልም ማየት እንደገና ጀምሬያለሁ። ወንድሜ ከሞተ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ማየት አልቻልኩም ነበር። መጀመሪያ አንዱን ከፍቼ እስከ መጨረሻው አየሁት። ሲያልቅ ደህና ነበርኩ። እንዲያውም ራበኝ።

አስፈሪ ፊልም እወዳለሁ ስል ሰው ይገረማል። አንድ አስተማሪያችን "ይሄ ሙቀት አልበቃ ብሎህ ነው?" ብሎኛል። እኔ ግን የጀመርኩት በሙቀቱ ምክንያት ነው። የምንኖረው ገንዳ ውሃ ነው። በበጋ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰው ከቤት አይወጣም። ውሻ እንኳ ከቆመ ባጃጅ ሥር ገብቶ ይተኛል። ያን ጊዜ እኔና ወንድሜ ወለሉ ላይ ውሃ እንረጫለን፣ ምንጣፍ እንዘረጋለን፣ ቴሌቪዥን እንከፍታለን። ዲሻችን በደንብ የሚይዘው የአረብ ጣቢያዎችን ነበር። አንዱ ጣቢያ በዚያ ሰዓት የፈረንጅ ፊልም ያሳያል። ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው፤ ከሥር የሚጻፈው ዓረብኛ።

ስለዚህ አስፈሪ ፊልም በጨለማ ነው የሚታየው በሚሉት አልስማማም። በጨለማ ማንም ይፈራል። ጥሩ ፊልም በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ደጅ ላይ በርበሬ ተሰጥቶ፣ ላብህ እየተንጠባጠበ ጀርባህን የሚያቀዘቅዝህ ነው።

ደም የሚበዛበትን ፊልም አልወድም። እሱ ሥጋ ቤት እንጂ ፊልም አይደለም። ጭራቁን ገና ከመጀመሪያው የሚያሳይ ደግሞ ሰነፍ ነው። በሩ ብቻ ቀስ ብሎ ሲከፈትና ማንም ሳይገባ ሲቀር፣ እሱ ይበልጣል። የፈረንጅ መንፈስ ምድር ቤት ውስጥ ወይም ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ነው የሚኖረው። የእኛ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ኮርኒሱም ማዳበሪያ ነው። መንፈስ ቢመጣብን መደበቂያ ስለሚያጣ ከአልጋው ሥር ከሰሊጥ ጆንያው ጋር መተኛቱ ነው። ሰዎች በበረዶ ውስጥ ጠፍተው የሚያልቁበትን ፊልም ደግሞ ጨርሶ መፍራት አልቻልኩም። ሚያዝያ ላይ ሆኜ ሳየው እቀናባቸዋለሁ።

ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ መተማ ዮሐንስ፣ ድንበሩ ላይ፣ ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር ጭነት ሲያወርድና ሲጭን ዓረብኛ ለመደ። ስለዚህ ፊልሙን የሚተረጉምልኝ እሱ ነበር።

"ምን አላት?" እለዋለሁ።

"'እዚህ ቤት አትግቢ' አላት።"

"እሷስ?"

"'የአባቴ ርስት ነው፣ የት ልሂድ?' አለችው።"

በወንድሜ ትርጉም ፈረንጆቹ ሁሉ የሚጣሉት በርስት ነበር። መንፈሱም ሁልጊዜ ተዝካር ያልወጣለት አባት ነው። ልጆቹ ድግስ ደግሰው ካህናቱን ስላላበሉለት ተቆጥቶ ዕቃ ይወረውራል፣ በር ይዘጋል። ለእኔ ይህ በቂ ምክንያት ነበር። ሰፈራችን ውስጥ በተዝካር የተኳረፉ ወንድማማቾችን አውቃለሁ። ፈረንጆች ግን ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን ጠላ እንደማይጠምቁ ይገርመኝ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ነው የነቃሁት። ወንድሜ እኔ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ፈሪ ነበር። ገና ሙዚቃው ሲለወጥ በዚያ ሙቀት አንሶላ ይከናነባል። አንድ ቀን እንደዚያ ተከናንቦ "አባትየው 'ካህናቱ የታሉ?' እያለ ነው" አለኝ። ዞር ብዬ አየሁት። አፍንጫው እንኳ አይታይም።

"አንተ፣ ከአንሶላው ውስጥ ሆነህ ነው እንዴ የምታነበው?"

አንሶላውን ይበልጥ ወደ ራሱ ሳበው።

"ዓረብኛ ማንበብ ትችላለህ?"

"መናገር እችላለሁ።"

"ማንበብስ?"

"የሚናገር ሰው ማንበብ ምን ያደርግለታል?" አለና አንሶላውን ገልጦ በሳቅ ወደቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላም ተርጉምልኝ እለው ነበር። እንግሊዝኛዬ እየተሻለ ሲመጣ እውነተኛውን ንግግር መስማት ጀመርኩ፤ የእሱ ይሻላል።

የሚቀጥለውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ።

አምና በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ሽንፋ አካባቢ ወዳለ እርሻ ሄደ። ከወሎና ከጎጃም ከወረዱ የቀን ሠራተኞች ጋር ሲያጭድ ወባ ያዘው። ሦስት ቀን ካምፕ ውስጥ ተኛ። በአራተኛው ቀን በትራክተር ተሳቢ ወደ ሽንፋ ሕክምና ይዘውት ወጡ። ያለ ወቅቱ ዘንቦ ስለነበር ትራክተሩ ዋልካ ጭቃው ላይ ሲያዝና ሲላቀቅ ዋለ። ወንድሜ አልደረሰም። እኔ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

መርዶውን የነገሩን ሰዎች የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው። እናቴ ግን ሌላ ነገር ነበር የምትፈልገው። ለቅሶ ደራሹ ከሄደ በኋላ "ያ ልጅ ፈሪ ነው" አለችኝ። "ጅብ ሲጮህ እኔ ጎን ካልተኛ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ማን ነበር አጠገቡ?"

አላውቅም። ማንም አያውቅም። አጨዳው ሲያልቅ ሠራተኞቹ ወደየአገራቸው ሄደዋል። ስማቸውንም አናውቅም። እናቴ ጥያቄውን ደገመችው እንጂ አልተወችውም። እህል ስትለቅም፣ ልብስ ስታሰጣ፣ በድንገት "ፈርቶ ይሆን?" ትላለች። እኔ ፊልም ማየት ያቆምኩት ለዚህ ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን መጮህ ሲጀምር፣ አስቤው ሳይሆን፣ እጄ ራሱ ሄዶ ያጠፋዋል።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ሠራተኞቹ ተመልሰው መውረድ ሲጀምሩ መተማ ዮሐንስ ሄድኩ። የሠራተኛ ገበያው እዚያ ነው። ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል።

"አምና ሽንፋ በኩል አጨዳ ላይ የነበረ አለ?" ብዬ ጠየቅኩ።

"እዚህ ያለነው ሁላችን ነበርን" አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ። "ቀጣሪ ነህ እንዴ? ልጅ አይደለህም?"

የወንድሜን ስም ነገርኳቸው፤ አላወቁትም። መልኩን ነገርኳቸው፤ "ቀጭን ያልሆነ ማን አለ?" አሉኝ። ሁለት ቀን እንዲሁ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ምን እንደምል ጠፍቶኝ "ፊልም የሚያወራ ልጅ ነበር" አልኩ። "አስፈሪ ፊልም።"

አንድ የወሎ ሰው፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

"የተዝካሩን ፊልም?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

"ወላሂ ያ ልጅ በፍርሃት ጨርሶን ነበር!" አለ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። "ምሳ ላይ ጥላ ሥር ሆኖ ነው የሚያወራልን። አንዱ ጎጃሜ በቀትር ውሃ ለመቅዳት ብቻዬን አልሄድም ብሎ ሁለት ሰው አስከትሎ ሄደ!" ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን አቆመ። "ወንድሙ ነህ?"

የዚያን ዕለት ሥራ ትቶ በሚኒባስ ከእኔ ጋር ገንዳ ውሃ መጣ። መንገድ ላይ ስለ ወንድሜ አልጠየቅኩትም። የሚለውን እናቴም አብራኝ እንድትሰማው ነበር የፈለግኩት። እውነቱን ልናገር፣ ብቻዬን ልሰማው ፈርቼም ነው።

እናቴ ውሃ አቀረበችለት። እስኪጠጣ እንኳ አልጠበቀችም።

"ፈርቶ ነበር?"

ሰውየው ጣሳውን ከአፉ መለሰው። "አብሽሩ፣ እናቴ። አልዋሽዎትም። ፈርቶ ነበር።"

እናቴ ዓይኗን አልነቀለችበትም።

"ትራክተሩ መጀመሪያ የተያዘብን ጊዜ ነው" አለ። "'ፈርቻለሁ' አለኝ። ደብቆ አይደለም፤ ሁላችን እንድንሰማ። አራት ነበርን ተሳቢው ላይ። 'በል እጄን ያዘኝ' አለኝ። ያዝኩት። ፀሐዩን በነጠላዬ ከለልንለት። ትንሽ ቆይቶ አተነፋፈሱ ረጋ። 'የት ላይ ነበር ያቆምኩላችሁ?' አለን።"

"ምኑን?"

"ፊልሙን፣ እናቴ። ሦስት ቀን ምሳ ላይ ሲያወራልን የነበረው ነው። ታሞ ሳይጨርሰው ቀረ። 'ልጅቷ ጓዳ ገብታ በሩ ተዘጋባት፣ እዚያ ላይ ነው' አልነው። 'እ፣ እሷማ ወጥታለች' አለ። 'ታናሽ ወንድሟ መጥቶ ከፈተላት።' እኛም 'ተዝካሩስ?' አልነው። 'ተደገሰ፤ እናንተም ተጠርታችኋል' አለን። እንዲያ ታሞ አሳቀን። ከዚያ ደከመኝ ብሎ አሸለበ። እንቅልፍ ነበር የመሰለን። ፍርሃቱ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ነበር፤ እኔ አይቼዋለሁ።"

ያን ፊልም አውቀዋለሁ። ልጅቷ ወንድም የላትም፣ በሩም አይከፈትም። ይህን አልተናገርኩም። ዓመቱን ሙሉ በልቤ ስስለው የኖርኩት ወንድሜ ብቻውን የሚጮህ ነበር። እሱ ግን በቀን ብርሃን፣ በሰዎች መካከል፣ መፍራቱን ተናግሮ ነው ያለፈው።

እናቴ ቀስ ብላ ጠየቀችው። "ካሸለበ በኋላስ? ለቀቅከው?"

"አልለቀቅኩትም። ሽንፋ እስክንገባ።"

"የቱ እጅህ ነው?"

ሰውየው ግራ ገባው። ጣሳውን መሬት አስቀመጠና ቀኝ እጁን ዘረጋላት። መዳፉ በማጭድ ተሰነጣጥቆ ጠቁሯል። እናቴ በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው። ከዚያ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ያዘችው። እሱም አልሳበውም።