በግራ ብቻ የሚላላ ሰንሰለት

እኔ ውሻ ወዳድ አይደለሁም። አሶሳ ውስጥ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል፣ ሌባ ያባርራል፤ አለቀ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን አባቴ ከሰው ይልቅ ከውሻው ጋር ማውራት ጀመረ። ሐኪሙ «በየቀኑ ካልተራመዱ እግርዎ ይተሳሰራል» ሲለው እንኳ «እንግዲያው ከውሻዬ ጋር ነዋ» አለ። ያለ እሱ ወይ ፍንክች።

ውሻው ደግሞ ጉልበቱ ለጉድ ነው። ፍየል ካየ ይስባል፣ ባጃጅ ካየ ይስባል። አንድ ቀን አባቴን ጎትቶ ቦይ ውስጥ ጣለው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ፣ ቀይ አፈር ለብሶ ገባ። «ከእንግዲህ አልወጣም» አለኝ። ቤት መዋል የለመደ አዛውንት ምን እንደሚሆን በእናቴ አይቻለሁ። አባቴ ከቤት መውጣቱን እንዳይተው፣ ውሻው መጎተቱን የሚተውበትን ነገር መፈለግ የእኔ ሥራ ሆነ።

ገበያ አጠገብ ያለው ጫማ ሰፊ ለውሻው አንገት ሰፋ ያለ የቆዳ ማሰሪያ ባለ ዘለበት ሊሠራልኝ ተስማምቶ ነበር። «ምን ልታደርጊው ነው፣ ትምህርት ቤት ልታስገቢው?» ብሎ ሳቀብኝ። ያሳየኝ ቆዳ ለስላሳና ጠንካራ ነበር። ምነው እሱን ባሠራሁ። እኔ ግን ስልኬ ላይ የውሻ አሠልጣኞችን ቪዲዮ ሳይ ከርሜ ልቤ እነሱ የሚጠቀሙበት የአንገት ሰንሰለት ላይ አርፏል። የአባቴ እጅ ደክሟል፤ በቆዳ ማሰሪያ ያን ውሻ ለመመለስ ጉልበት ይጠይቃል። ሰንሰለቱ ግን ትንሽ ነካ ሲያደርጉት ውሻው ይገባዋል ተብሏል። አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሾፌር ነግሬ አስመጣሁት።

በሁለቱም ጫፍ ቀለበት ያለው ቀጭን ሰንሰለት ነው። በአንዱ ቀለበት ውስጥ ሰንሰለቱን ራሱን አሾልከው ሸምቀቆ ይሠሩና በውሻው ጭንቅላት ያጠልቁታል፤ ገመዱ ሌላኛው ቀለበት ላይ ይታሰራል። ሲጎትት ይጠብቃል፣ ሲተው በራሱ ክብደት ይላላል። ይህ ግን የሚሆነው ውሻው በሰውየው ግራ ሲሄድ ነው። ወደ ቀኝ ካለፈ አጠላለቁ ይገለበጥና አንዴ ከጠበቀ አይመለስም። ለአባቴ «በግራህ ብቻ» እያልኩ አሰለቸሁት። «እሺ አልኩሽ እኮ፣ ግራዬን አውቀዋለሁ» አለኝ።

ደግሞም ሠራ። ያ ጋጠወጥ ጎኑን ይዞ ቀስ እያለ ሲሄድ አባቴ ደረቱን ነፍቶ ሰፈሩን ዞረ። የሰፈሩ ሰዎች «ፈረንጅ ሆኑ» ብለው ቢቀልዱበትም ደስ አለው። እራት ላይ መሳቅ ጀመረ። እኔም በራሴ ኮራሁ።

ከዚያ ሀጂ መጡ። ሀጂ ጎረቤታችን ናቸው፤ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ አባቴ በሰፈራ ከወሎ ከመጣ ጊዜ ጀምሮ ወዳጁ ናቸው። ባምባሲ ልጃቸው ጋ ሰንብተው እንደተመለሱ አብረው ሊንሸራሸሩ ወጡ። አባቴ የሚሰማው በግራ ጆሮው ብቻ ስለሆነ ሀጂ ሁልጊዜ በግራው ነው የሚሄዱት። ያን ቀን ደግሞ ለመግሪብ ሶላት ታጥበው፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል። የውሻ አፍንጫ ከነካቸው እንደገና ሊታጠቡ ነው። አባቴ ምን ያድርግ? ውሻውን ወደ ቀኙ አዛወረው።

ከሥራ ስመለስ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ደረስኩባቸው። ውሻው ዶሮ አይቶ ስቧል፣ ሰንሰለቱ ጠብቋል። አባቴ እንዳስተማርኩት ገመዱን ለቀቅ አድርጎ እስኪላላ ይጠብቃል። አልላላም። ውሻው ደንግጦ በተንፈራገጠ ቁጥር ይብስበታል። የአባቴ ጣቶች ሰንሰለቱ ሥር መግባት አቃታቸው። ሀጂ በዚያ ጀለቢያ አፈሩ ላይ ተንበርክከው፣ ጣታቸውን በግድ አስገብተው ፈቱት። እጃቸው በውሻ ምራቅ ርሶ ነበር። እኔ ቆሜ ሳለቅስ «አይዞህ ልጄ፣ ወላሂ ይተርፋል» አሉኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም በወንድ ነው የሚያናግሩት።

ተረፈ። ሰንሰለቱን ጣልኩት፤ የጫማ ሰፊውን ቆዳ አሠርቼ፣ ሁለት ጣት እንደሚያስገባ ለክቼ፣ ለአባቴ ሰጠሁት። ውሻው ግን አባቴ እጅ ላይ ማሰሪያ ባየ ቁጥር ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ በርሜል ኋላ ገብቶ ይንቀጠቀጣል። አባቴ ማሰሪያውን አስቀምጦ ሥጋ ይዞ ለመነው፤ በስሙ ጠራው፤ መሬት ተቀምጦ ጠበቀው። አልመጣም። ሀጂ ሲመጡ ግን ጭራውን እየቆላ ይወጣል። እሳቸው ያፍራሉ፤ «ያንተ ነው፣ ወንድሜ፣ ያንተ ነው» እያሉ በእግራቸው ገፋ ያደርጉታል። ያለ ማሰሪያ ይከተላቸዋል።

አባቴ መውጣት ተወ። እግሩ እያበጠ ነው። አመሻሽ ላይ የቀርከሃውን አጥር ይዞ ይቆምና ሀጂና ውሻው እስኪታጠፉ ያያል። ትናንት አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። 

«ወደ ቀኜ ያዛወርኩት ሀጂን እንዳይነካቸው ብዬ ነበር እኮ» አለኝ። «ይህን አሁን ለእሱ ማን ይነግርልኛል?»