የባለቀስቱ ወንድሜ ነገር

ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ተማሪዎቹ «ባለቀስቱ» ይሉታል፤ ዓረፍተ ነገር ካየ በሳጥን ሳይከብ፣ ከሳጥን ወደ ሳጥን ቀስት ሳይስል አያልፍም። እናታችን ካረፈች ወዲህ አንድ ቤት ስለነበርን፣ የግሮሰሪ ደረሰኝ ሳይቀር ቀስት ተስሎበት አግኝቻለሁ። ሥራው ዓረፍተ ነገሮች እንዴት ተያይዘው ወግ እንደሚሆኑ በቀመር ማሳየት ነው።

«ይሄ ደሞ ሥራ ነው?» አልኩት አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጥኩ።

«እትዬ፣ ‹ድስቱ አረረ። ስልክ ተደወለ።› ብልሽ ምን ይገባሻል?»

«ሴትየዋ ወሬ ይዛ ድስቱን ረሳችው።»

«አየሽ! ‹ምክንያቱም› የሚል ቃል የት አለ? ምክንያቱን ያስገባሽው ራስሽ ነሽ።»

«የማንን ድስት ነው የምታወራው?» አልኩት። የእኔን ነበር፣ ያውም አዲሱን።

ከሕጎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው አንድ ነበር። አዲስ ንግግር ሊንጠለጠል የሚችለው በሩ ገና ክፍት በሆነ ንግግር ላይ ብቻ ነው፤ ወሬው ወደ ሌላ ጉዳይ ካለፈ የፊተኛው በር ይዘጋል ይላል። ይህ ሕግ ጉድ ሊያደርገው ነበር።

የሰፈራችንን ጤና ጣቢያ ነርስ ይወዳታል። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። እሷም እንደምትወደው ከእሱ በቀር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አንድ ዓርብ መልእክት ላከችለት፦ «ዝውውሬ ጸደቀ። ሌላ ከተማ ነው። እናቴ ደስ ብሏታል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ስልክ ያነሳል። የእኔ ወንድም ወረቀት አነሳ። የእናትየዋ ደስታ የዝውውሩ ውጤት ነው ወይስ ከልጅቷ ስሜት ጋር ተቃርኖ? «ተቃርኖ ከሆነ እሷ አልተደሰተችም ማለት ነው» እያለ ቅዳሜና እሑድን ሲስል ዋለ። ሰኞ ጠዋት ሌላ መልእክት መጣ፦ «ዝናቡ አስቸገረ አይደል?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «አለቀ፣ እትዬ። ወሬውን ቀየረችው። አሁን ‹አትሂጂብኝ› ብላት የሚያያዘው ከዝናቡ ጋር ነው።»

ደሜ ፈላ። «በር ከተዘጋ አይንኳኳም እንዴ? ተነስ! ጃኬትህን ልበስ!» ብዬ እየገፋሁ አስወጣሁት። መንገድ ላይ ሌላ ቀስት እንዳይስልብኝ እኔም ተከተልኩት።

ጤና ጣቢያው በሰው ተጨናንቋል። ሲስተር የአንዲት እናት ደም ግፊት እየለካች ነበር። ወንድሜ በሩ ላይ ቆመና ሰላም እንኳ ሳይላት፣ «አብሬሽ ልሂድ?» አላት።

ሲስተር መለኪያውን እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች።

«ኧረ መልሽለት ልጄ፣ የኔም ግፊት ጨመረ» አሉ ሴትዮዋ።

«እስካሁን የት ነበርክ?» አለችው ሲስተር። ዕንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች።

«ቀስት ስስል።»

«ና እንሂድ» አለችው። በደስታ የጮህኩት እኔ ነኝ፤ ዘበኛው ሊያስወጣኝ መጣ።

ተጋቡና ሄዱ፤ እሱም እዚያው ማስተማር ጀመረ። ሻንጣቸውን ሳስር፣ ስንቃቸውን ስቋጥር፣ ወንድሜን ከቤቴ እየሸኘሁ መሆኔን ልብ አላልኩትም ነበር። ባለፈው ሳምንት ደውሎ «እንዴት ነሽ እትዬ?» አለኝ።

«ደስ ብሎኛል። ቤቱ ጭር ብሏል» አልኩት።

የቱ ከየቱ ጋር እንደሚያያዝ አልጠየቀኝም። «ቅዳሜ እንመጣለን» አለኝ።