ከሥር ያሉት ካርቶኖች

የወረዳችን ንብረት ጠባቂ አካለ ወልድ ጤፍ ሲገዛ ከጆንያው አፍ አይዘግንም ነበር። ክንዱን እስከ ብብቱ ሰዶ ከሥር ነው የሚያወጣው። ነጋዴው "ሰው አታምንም እንዴ?" ሲለው "ሰውንስ አምናለሁ፤ ጆንያውን ነው የማላምነው" ይላል። በዚያ ጽሕፈት ቤት ሃያ ዓመት በጽዳት ሳገለግል እንደዚያን ቀን ሲጠላ አላየሁትም።

መስቀል አልፎ ነበር መሰለኝ፣ አርባ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ መጣ። ነጋዴዎቹን አወዳድሮ ውል ያሰረው ፌዴራል ነው፤ ወረዳው በዚያው ውል አዘዘ እንጂ ሻጩን በዓይኑ አያውቀውም። ሾፌሩ ካርቶኑን ደርድሮ "ፈርሙልኝና ደብረ ማርቆስ ልደር" አለ። አካለ ወልድ አንዴ ከፈረመ ግን ጉድለቱ ሁሉ በሱ አንገት ነው፤ እንጀራውም ያችው ሥራ ናት።

"ይከፈት" አለ።

ኃላፊያችን አቶ የኋላሸት ከቢሮው ወጣ። "ጋሽ አካለ፣ ፌዴራል ያጣራውን እርስዎ ሊያጣሩት ነው?"

"ፌዴራል ያየው ወረቀቱን ነው። ካርቶኑን አላየም።"

"መኪናው ከተመለሰ ድርሻችን ለሌላ ወረዳ ነው! ያን ጊዜ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።"

አካለ ወልድ የላዩን አውርዶ ከሥር ያለውን ሳበ። አንዱ ደህና፤ ሁለተኛውም ደህና። ሾፌሩ "አባት፣ ዶሮዋ የት እንደጣለች ነው የሚፈልጉት?" ብሎ አሳቀብን። እኔም ሳቅሁ፤ አሁን ይቆጨኛል። አራተኛውን ከፍቶ ኪቦርዱን አወጣና ወደ እኔ ዞረ።

"እትዬ፣ እስቲ ይህን በጨርቅዎ ይጥረጉልኝ።"

ኪቦርዱን አሸት ባደርገው ጨርቁ ጠቁሮ ተነሣ። የሰው ጣት ወዝ ነው። እሱን እንኳ እኔ አልስተውም።

እንዲህ ያለ፣ አገልግሎ እንደ አዲስ የታሸገ፣ ዘጠኝ ተገኘ። ሠላሳ አንዱን ፈርሞ ተረከበ፤ ዘጠኙን "መልስ" አለው። ሾፌሩ ሳቁን ትቶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ አጥሩ ሄደ። አቶ የኋላሸት ለሾፌሩ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ የሚያፈጥጠው አካለ ወልድ ላይ ነው። ለምን ይሆን? እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

በሳምንቱ አካለ ወልድን ወደ መዝገብ ቤት የሚያዛውር ደብዳቤ መጣ። "ራሱ ለውጧቸው ይሆናል" የሚሉም አልጠፉ። በሱ ቦታ የተመደበችው ሥራነሽ ንብረቱን ልትረከብ መጣችና፣ ታላቋ ስለሆነ አፍራ መሰለኝ፣ ሳታይ ልትፈርም እስክሪብቶ አነሣች። አካለ ወልድ ወረቀቱን ከእጇ ሥር ሳበው።

"ልጄ፣ እኔንስ በምን አመንሽኝ? ሠላሳ አንዱንም ክፈቺ።"

አንድ በአንድ ሲከፍቱ መሸባቸው።