እትዬ ወርቄን ማሳሳት

ጽጌሬዳ ሰው መግደል አይከብዳትም። የልብ ወለዷን ሟች፣ አቶ ሽመልስን፣ አንዴ በመርዝ፣ አንዴ በገመድ፣ ሲላት ደግሞ በገዛ ትራሳቸው አፍና ገድላቸዋለች። የከበዳት ገዳዩን መደበቅ ነው። በደህናው ሰዓት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ፈገግታዋ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ድካሙን ያስረሳል። እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ቆማ ስትዘምር ላያት ሰው፣ ይህች ሴት ሰኞ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ሲጠፋ ሬሳውን ማን ያግኘው እያለች ትጨነቃለች ብትሉት በእናንተ ላይ ይስቃል።

የወንጀል ታሪክ ፍቅር የያዛት ተማሪ ሳለች ነው። በሌላ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ሴት መስኮቷን ብትዘጋ ዘጋች ነው፤ እዚህ ግን ለምን ዘጋችው ብሎ መቆም አለ። ጽጌሬዳ ሰውን እንዲህ አድርጎ ማየት የተማረችው ከነዚህ መጻሕፍት ነው። ደግሞም በኑሮ ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ ሳይታወቅ ስንቱ ነገር ተዳፍኖ ይቀራል! በመጽሐፍ ግን እውነቱ የግድ ይወጣል። ደስ የሚላት ይኸው ነው እንጂ የሰው መሞትማ ምን ደስ ይላል።

ባሏ ኤልናታን የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነው፤ ቦረና ወርዶ ወር ከርሞ ይመጣል። ደግ ሰው ነው፣ አንድ ነውር ብቻ አለበት፦ መጽሐፍ ሲያነሳ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ይገልጣል። ገዳዩን ካወቀ በኋላ «አሁን በሰላም ላንብበው» ይላል። በትዳራቸው ውስጥ የእውነት ጠብ የሚነሳው በዚህ ብቻ ነው።

የጽጌሬዳ ፈተና ግን ባሏ ሳይሆን የሆቴሉ ገንዘብ ያዥ፣ እትዬ ወርቄ ናቸው። እኚህ ሴት ጡረታቸው ደርሷል፤ በዕድሜያቸው ያላነበቡት የመርማሪ መጽሐፍ የለም። ምሳ ሰዓት ላይ የሆቴሉ ሠራተኞች ከጓሮው ጥላ ሥር ሲሰበሰቡ ጽጌሬዳ የጻፈችውን ምዕራፍ ታነባለች፣ እትዬ ወርቄ ይፈርዳሉ።

የመጀመሪያውን ስታነብ ገና ከሁለተኛው ገጽ ሳታልፍ እትዬ ወርቄ ጉርሻቸውን መለሱት።

«ደሳለኝ ነው የገደላቸው። የሚስትየው ወንድም።»

«እንዴት አወቁ?»

«በጠዋት መጥቶ የቤት ሠራተኛዋን ደጃፍ ላይ አገኛት አይደል? ‹ደህና አደርሽ› ብሎ ብቻ አለፈ! ጤነኛ ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

ሁሉም «እውነት ነው!» ብለው ጮኹ። ጽጌሬዳ ደነገጠች። ያንን አካሄድ የተማረችው ከትርጉም መጻሕፍት ነበር፤ የፈረንጅ መርማሪ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ቢያልፍ ማንም አይቀየመውም። ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለፈ ሰው ግን ሳይገድልም ይታማል።

ቤቷ ገብታ ለደሳለኝ ሰላምታ ጨመረችለት። ሠራተኛዋን አቅፎ ሳመ፣ አገላብጦ ጠየቀ፣ መረቀ። በሚቀጥለው ሳምንት አነበበችው። እትዬ ወርቄ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያው ደሳለኝ ነው። ምነው እንዲህ ተሽቆጠቆጠ? ማር ሲበዛ ይመራል፣ ጽጌ።»

ያን ቀን ኤልናታን ሲደውል ጽጌሬዳ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። «አንዴ እሞክራለሁ። እትዬ ወርቄ አሁንም ካወቁብኝ መጻፉን እተወዋለሁ» አለችው። እሱም ቀልድ ሊጀምር አለና ተወው፤ ሚስቱ የምሯን እንደሆነች ገባው።

ሳምንታት አለፉ። አቶ ሽመልስ ሞተው፣ ገዳያቸው መደበቂያ አጥቶ፣ ጽጌሬዳም አንድ መስመር ሳትጨምር ከረመች።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ዓሣ ልትገዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረደች። ደንበኛዋ ዓሣ ሻጩ ጋሽ ኩማ ናቸው፤ በሰላምታ ማንም አይችላቸውም፤ ሁሉን ጠይቀው ሳያዳርሱ ቢላዋ አያነሱም። እንደ ወትሮው ጀመሩ። እሷ ደህና ናት ወይ? ልጆቹስ? እናቷስ፣ ወገባቸው ተሻላቸው? ጎረቤቷ ሀዋ በሰላም ወለደች? ድመቷስ? ይህን ሁሉ ጠይቀው ጎንበስ አሉና ቆሮሶ ዓሣውን መቅረፍ ጀመሩ።

ጽጌሬዳ ቦርሳዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ድመቷ ተጠይቃ ባሏ ተዘለለ! ቦረና ያለውን ሰው፣ በየሳምንቱ «መንገዱ አልቆ መቼ ነው የሚመጣው?» እያሉ የሚጠይቁለትን ሰው! ልቧ ክው አለ።

«ጋሽ ኩማ፣ ኤልናታንን ሳይጠይቁኝ?»

ቢላዋው ቆመ። «እ… ኤልናታን… ደህና ነው እንዴ?»

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ! ምን ሰምተው ነው?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። በመጨረሻ አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች ወደ ሰፈሩበት ትልቅ ዛፍ ሰረቅ አድርገው አዩ። ጽጌሬዳ የወንጀል ታሪክ አንባቢ በመሆኗ ያቺን እይታ አላሳለፈቻትም። ከግንዱ ኋላ የቦረና ቀይ አቧራ የጠጣ ጫማ ብቅ ብሏል። ዞራ ሄደች። ኤልናታን ጥሬ ዓሣ በዳጣ እያጣቀሰ፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ ፊት ለፊት ተያዘ።

ለካ ሥራው ቀድሞ ተጠናቆለት ጠዋት ገብቷል። ዓሣ ገዝቶ፣ እሷ ሳታውቅ ቤት ገብቶ፣ ምሳ ሠርቶ ሊጠብቃት ነበር። ጋሽ ኩማንም እንዳይነግሯት በስንት ልመና አስምሏቸው ነበር።

«እኔ ምን አጠፋሁ!» አሉ ጋሽ ኩማ እጃቸውን በመሐረባቸው እየጠረጉ። «አትንገራት አለኝ፣ አልነገርኩም። ግን አሁን ዓሣ ያበላሁትን ሰው ደህና ነው ወይ ብዬ ልጠይቅሽ? አንደበቴ እንዴት እሺ ይበለኝ?»

ጽጌሬዳ ባሏን ጥምጥም ብላ እንዳቀፈችው ፈዝዛ ቆመች። ከዚያ በድንገት ለቀቀችው።

«አገኘሁት!» አለች።

«እኔን ነው?» አለ ኤልናታን።

«አንተንም!»

ምሳውን ኤልናታን ብቻውን ሠራ፤ እሷ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ ዋለች። በደስታ እየጻፈች ብቻዋን ስትስቅ ልጆቿ እየመጡ ያዩዋት ነበር።

አዲሱን ስታነብ ደሳለኝ እንደ ማንኛውም ደህና ሰው በጠዋት መጣ። ሠራተኛዋን ሰላም አላት። እህቱ እንዴት እንዳደረች ጠየቀ፤ ልጆቹን፣ የእህቱን አማት ጉልበት፣ ልትወልድ የደረሰችውን ላም፣ ውሻውን ሳይቀር ጠየቀ። ሠራተኛዋ ለሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ከዚያ በኋላ ነው የአቶ ሽመልስ መኝታ ቤት ተከፍቶ ሞተው የተገኙት። እትዬ ወርቄ ደሳለኝን በዓይናቸው ሙሉ ያዩት ይመስል አጥንተውት ተዉት። «ይሄስ ጨዋ ልጅ ነው» ብለው የአቶ ሽመልስን ሹፌር ጠረጠሩ። በሚቀጥለው ምዕራፍ ሹፌሩን ለቀው ጎረቤቱን ያዙ፣ ተመልሰው ሹፌሩን ያዙ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ሲነበብ ወጥ ቤቶቹ ሳይቀሩ ምድጃ ጥለው መጡ። ጽጌሬዳ አነበበች። መርማሪዋ ደሳለኝን ፊት ለፊት አስቀምጣ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ «የዚያን ጠዋት የቤቱን ውሻ ጠይቀህ የቤቱን ጌታ ሳትጠይቅ ያለፍከው ለምንድን ነው?»

እትዬ ወርቄ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ሰላምታውን መልሰሽ አንብቢልኝ» አሉ።

አነበበችላቸው። እያንዳንዱን ስም በጣታቸው እየቆጠሩ ሰሙ። አቶ ሽመልስ የሉም።

«እኔን አፈር ይብላኝ! እየሰማሁት! አጠገቤ እያለፈ!» ብለው ተነሥተው ጽጌሬዳን አገላብጠው ሳሟት። «ይታተም። ይሄ አሁኑኑ ይታተም!»

በማግስቱ ጠዋት የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ፊት ሻንጣ የያዙ መንገደኞች ተሰልፈዋል። እትዬ ወርቄ ሰልፉን ጥሰው መጡና ጠረጴዛው ላይ ተደገፉ።

«እንዴት አደርሽ ጽጌ? ኤልናታን ደህና አደረ? ልጆቹስ? እናትሽ ደህና ናቸው? ሀዋስ፣ አራስዋ?» መንገደኞቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። እትዬ ወርቄ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አቶ ሽመልስስ እንዴት አደሩ?»

«እትዬ! እሳቸው እኮ ሞተዋል!»

«ቢሞቱስ? ወርቄ ሳትጠይቃቸው አለፈች ብለሽ እኔን ልትጠረጥሪኝ ነው?»

ጽጌሬዳ ከልቧ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ እንባ ሆነባት። አቶ ሽመልስን ያን ሁሉ ጊዜ እንደ ሕያው ሰው የምታውቃቸው እሷ ብቻ ነበረች። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ሰው እንኳ ደህና ናቸው ወይ ብሎ አልጠየቃትም።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አድረዋል» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ለጠየቀኝ ሁሉ ሰላም በይልኝ ብለዋል።»