ጮኼ ያላነበብኩት መልእክት

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ባሌ በሕይወት ሳለ ፈራሁ፤ ከሞተ ወዲህ ደግሞ የምነግረው ሰው ከቤቴ ጠፋ።

ባሌ እህል በረንዳ ምስር ይሸጥ ነበር። ምስሩን ጨበጥ አድርጎ የየት አገር እንደሆነ ያውቃል፤ ፊደል ግን አልቆጠረም። በስተርጅና ጆሮውም ከዳውና በስልክ ማውራት አቃተው። ስለዚህ አንድያ ልጃችን ዘሀራ ከስዊድን በእኔ ስልክ ትጽፍለታለች፤ እኔም ጆሮው ሥር ሆኜ እየጮኽኩ አነብለታለሁ። ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ እኔን አመነ።

አንድ ቀን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አባ፣ ቋንቋቸውን ለመድኩ፣ ቋሚ ሥራም ያዝኩ። ከእንግዲህ ኑሮዬ እዚሁ ነው፤ አትቀየመኝ። መጥተህ ከእኔ ጋር ኑር። ለጊዜው መጥራት የምችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እማን ቀስ ብዬ አመጣታለሁ።»

እኔ ምን አነበብኩለት? «ደህና ነኝ፣ ሰላም ሁኑ ትላለች» አልኩት። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼ ዋሸሁ።

ሳቀ። «ይኸው ነው? ስዊድን ቃል በኪሎ ነው እንዴ የሚሸጠው?»

ለእሷ ደግሞ «አባትሽ አልሄድም ብሏል» ብዬ መለስኩ።

ለእሱ አዝኜ ነው እል ነበር፤ በዚህ ዕድሜው ብርዱን አይችለውም፣ ከሰፈሩ ሰው ቢለይ ይከፋዋል እያልኩ። ውሸት ነው። ልጄ የሰው አገር ለምዳ ቀረች፤ እሱም ከሄደ ብቻዬን ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ። ለራሴ ፈርቼ አባትን ከልጁ ለየሁ። ማንም አልገፋፋኝም። እኔ ነኝ ያደረግኩት።

ከዚያ ወዲህ መልእክቷ እያጠረ መጣ። እሷ አባቴ ተቀየመኝ አለች፤ እሱ ልጄ ረሳችኝ አለ። ሁለቱንም እየሰማሁ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ከዚያ ሞተ።

በሦስተኛው ቀን ደወለች። «እማ፣ አባ እንደተቀየመኝ ነው የሞተው?»

«ይቅር ብሎሻል ልጄ» አልኳት። እያለቀሰች አመሰገነችኝ። ያልተቀየመ ሰው ይቅር የሚለው ምኑን ነው?

የፈራሁት ብቸኝነት ይኸው መጣ። ዓርብ ዓርብ የአንዋር መስጊድ ሰጋጆች እስከ በራችን መንገዱን ይሞሉታል፤ እኔ ግን የምጮኽለት ጆሮ የለኝም።

አሁን አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ብለው ባሌ አይሰማኝም። ይህን የጻፍኩትን ነገ ለዘሀራ እልከዋለሁ፤ አንድም ቃል አላስቀርባትም። ከዚያ በኋላ ባትደውልልኝ አልፈርድባትም።