ውኃ የነፋው ወናፍ

ባሌን ዘውገን ሰው ሁሉ «ለምኔ» ይለው ነበር። ከማለዳ እስከ ማታ ሥራው «ለምን?» ማለት ነው። ዶሮ ውኃ ስትጠጣ ለምን ወደ ላይ ቀና ትላለች? ጭስ ለምን ወደ ላይ ይሄዳል? «አንተ ሰው፣ መጀመሪያ እህሉን ቅመስ!» ብዬ ስቆጣው፣ «አንቺስ ስትቆጪ ለምንድን ነው አፍንጫሽ የሚቀላው?» ይለኛል። ምን ይደረግ፣ ያስቀኛል።

የተወለደው ይፋግ ነው፤ የቀጥቃጭ ልጅ። እኔ የገሳይ አገር ገበሬ ልጅ ነኝ። እሱን ሳገባ አባቴ «ቡዳ አገባች» ብሎ ደጁን ዘጋብኝ፤ እናቴና እህቶቼም ዞረው አላዩኝም። ንጉሡ ብረት የሚያውቅ ሁሉ ጋፋት፣ መድፍ መሥሪያው፣ ይግባ ባሉ ጊዜ ታዲያ ለዘውገ ሥራ ሆነለት፣ ለእኔ ቤት። ከዚያች ጎጆ ሌላ አንገቴን የማስገባበት አልነበረኝም።

ሥራው ወናፍ መንፋት ነበር። ሁለት የፍየል አቁማዳ በግራና በቀኝ ይዞ፣ አንዱን ሲያነሣ አንዱን ሲጫን፣ እሳቱን ሲያስጮኸው ይውላል። ከዕለታት ብዛት የእጁ አንጓ አበጠና ዋንጫ ማንሳት እንኳ አቃተው። የቦታው ሹም አዛዥ ደምሴ መጥተው አዩት። «ወይ በእጅህ ንፋ፣ ወይ ውኃውን አስነፋው፣ ወይ ቤቱን ልቀቅ» ብለው ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ቀጠሩት። ጀርባዬ ላይ ጡት የሚጠባ ልጅ አለ።

ውኃ ማስነፋት ማለት እንዲህ ነው። ወንዙ መንኮራኩር ያዞራል፤ መንኮራኩሩ ደግሞ ረጅም ግንድ። ግንዱ ላይ የወይራ ጥርሶች ተተክለዋል። አንዱ ጥርስ ሲመጣ የወናፉን ክዳን ያነሣዋል፣ ወናፉ አየር ይስባል። ጥርሱ ሲያልፍ ክዳኑ ላይ የታሰረው ድንጋይ ይጫነዋል፣ ትንፋሹም በሸክላው አፍንጫ ወደ እሳቱ ይሄዳል። ቢያንስ ሠሪዎቹ ይሄዳል ብለው ነበር ያሰቡት።

«ጥርሱን አስረዝሙት! ትልቅ ጥርስ፣ ትልቅ ትንፋሽ!» አሉ አዛዥ ደምሴ። እንዳሉት ተደረገና ውኃው ተለቀቀ። ወናፉ ተነሣ፣ ወረደ፣ ተነሣ፣ ወረደ። እሳቱ ንቅንቅ አላለም።

እኔ አለቅሳለሁ፣ ዘውገ ደስ ብሎታል! «እመቤቴ፣ ትንፋሹ የት ሄደ?» እያለ ይዞረኛል። «እኔ ምን አውቄ! ቤቴ ሊሄድ ነው፣ አንተ ትንፋሽ ትፈልጋለህ!» አልኩት። እሱ ምን ገዶት! አሮጌውን ወናፍ ከጓዳ አውጥቶ «እስኪ አንቺ ንፊ፣ እኔ ልይ» አለኝ። እየተራገምኩ ነፋሁ። እጄን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና ብድግ አለ።

«ጣትሽ! ስታነሺ የአቁማዳውን አፍ ይከፍታል፣ ስትጫኚ ይዘጋል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራው ኖሬ አላየሁትም። ግንዱ ጥርስ እንጂ ጣት የለውም!»

እውነቱን ነው። የቀጥቃጭ ልጅ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ይለምደዋል፤ የእኔም እጅ እሱን ሳግዝ ለምዶት ኖሯል፤ ማንም አይናገረውም። አዲሱን ወናፍ የሰፉትም ቀጥቃጮች አፉን እንደ ድሮው ክፍት ትተውታል፣ እጅ የሚመጣለት ይመስል። ትንፋሹ በገባበት ይወጣ ኖሯል።

ዘውገ በወናፉ አፍ ላይ ከውስጥ ምላስ ሰፋለት፣ ከበሬ ቁርበት። ሲነሣ እንዲከፈት፣ ሲወርድ እንዲዘጋ። ቁርበቱ ግን ደረቅ ነው፣ አልከፈትም አለ። ወናፉ አየር ሲያጣ ፍሙን በአፍንጫው ወደ ሆዱ ሳበው። የተቃጠለው ቁርበት ሽታ እኔ ቤት ድረስ መጣ። አዛዥ ደምሴም «ጓዝህን ሸክፍ» ብለው ላኩበት።

ያን ዕለት ዘውገ ቤት ገብቶ ትክ ብሎ እኔን ያያል። እኔን መስሎኝ ነበር፤ ለካ የልጄን አንቀልባ ነው። በቅቤ የለፋች፣ እንደ ጨርቅ የምትታጠፍ፣ ዛጎል የተሰፋባት አንቀልባዬን!

«አይሞከርም!» አልኩ።

«እመቤቴ…»

«ልጄን በምን ልዘለው?»

«ቤት ከሌለንስ አዝለሽው የት ትገቢያለሽ?» አለኝ። ዛጎሉን እየነቀልኩ፣ እያለቀስኩ፣ ቆርጬ ሰጠሁት።

እሷም መጀመሪያ አልሆነችም። ረጅሙ ጥርስ ክዳኑን መንጭቆ ሲያነሣው፣ ለስላሳዋ ምላስ ተጠቅልላ ወደ ውስጥ ትቀራለች። «ለዚህች ምላስ ይህ ጥርስ አይሆናትም» አለ ዘውገ። ለደረቅ ምላስ ደግሞ የትኛውም ጥርስ አይሆን። አዛዡን ሳይጠይቅ ጥርሶቹን አሳጠራቸው፤ በዝግታ እንዲያነሡም ጀርባቸውን ጠርቦ አሞለሞለው። ድንጋዩንም ቀነሰለት። ትንፋሹ አነሰ፣ ግን አልተቋረጠም። እሳቱ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። ዘውገ እንደ ሕፃን እያጨበጨበ ዘለለ፤ እኔም ዘለልኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

በዋዜማው አዛዥ ደምሴ ሰዎቻቸውን አስከትለው መጡ። ለመድፍ የታሰበው ናስ በማቅለጫው ውስጥ እንደ ውኃ ሆኖ ይንተከተካል። «መልካም!» አሉ። ከዚያ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «እንግዲህ ውኃው ከነፋ፣ ነፊ ምን ያደርግልናል? ቤቱን ለሌላ ባለ እጅ እንስጠው» አሉ።

ያ ሁሉ «ለምን» ከዘውገ አፍ ጠፋ።

«አንቱ ያሉት ይሁን፣ ጌታዬ። ብቻ የልጄን አንቀልባ ልውሰድ፤ መንገደኞች ነን» አልኩና ክዳኑ ሲነሣ እጄን በወናፉ አፍ ከትቼ ስፌቱን በጠስኩት። ምላሷን ይዤ ወጣሁ። ወናፉ ተነሣ፣ ወረደ። እሳቱ ዐይናችን እያየ ደበዘዘ።

«ኧረ አንቺ ሴት! ናሱ ሊረጋ ነው! መልሽው!»

«ሌላ ያሰፉ።»

«ማን ያውቅበታል?»

«የሚያውቅበትማ ከእኔ ጋር እየሄደ ነው።»

እሳቱን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ናሱን አዩ። «በቃ! ቤቱ የእናንተ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሰው ሁሉ ይስማዎት፣ ጌታዬ።»

ጮክ ብለው ደገሙት። ያን ጊዜ ነው ምላሷን መልሼ ልሰፋ ወስፌዬን ያወጣሁት።